ስለ ውኃ ምላሽ ኩሬ መቆረጥ ወይዘሮ አዛለች የሰጡት ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አዛለች ተክለ ሚካኤል
ዕድሜ፦ 51 (በራሳቸው ግምት)
ሥራ፦ ገበሬ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባላቸው የሞቱባቸው
አድራሻ፦ ላስታ አውራጃ፣ ብልባላ አካባቢ፣ ውኃ ምላሽ ገበሬ ማኅበር
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ላሊበላ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኞ ሚያዝያ 26 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ሸጋው ታረቀኝ
ተጠርጣሪ፦ አቶ ቢሆነኝ ታፈረ፣ ዕድሜ 39፣ ገበሬ
የተጠረጠረበት ጉዳይ፦ ሚያዝያ 22 ቀን 1973 ዓ.ም. የኩሬ ክትር ሆን ብሎ በመቁረጥ በማኅበሩ ንብረት ላይ አሻጥር መፈጸም

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከፍ ብሎ የተጻፈው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ፣ እውነቱን ለመናገር ምዬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪውን አቶ ቢሆነኝ ታፈረን አውቀዋለሁ። ከቤቴ ሽቅብ ሁለት ማሳ አልፎ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። የሥጋ ዝምድና የለንም። ከኅዳር ወር 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በኩሬው ምክንያት ተጣልተን እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ሰላምታ አልነበረንም። በቤተ ክርስቲያን እንኳ ስንገናኝ እሱ በአንዱ በር፣ እኔ በሌላው በር እንወጣ ነበር። አልጠላውም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ኩሬው የሚገኘው ከመንደራችን በላይ ካለው ተረተር ሥር ነው። ባለቤቴ ደሞዝ ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ሁለት በጋ ሙሉ በዶማ የቆፈረው ሲሆን፣ ርዝመቱ ሠላሳ ክንድ፣ ወርዱ ሃያ ክንድ ይሆናል። በታች በኩል ውኃውን የሚያግደው ክትር ከጥቁር አፈርና ከድንጋይ ተሠርቶ በበሬ የተረገጠ ነው። ባለቤቴ በ1970 ዓ.ም. በትኩሳት ታሞ ሞተ። ልጅ አልወለድንም። ከዚያ በኋላ ኩሬውን ይዤ በበጋ ሽንኩርትና ድንች እያጠጣሁ፣ ለመንደሩ ከብትም እያካፈልሁ ኖሬአለሁ። ባለፈው ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ለችግኝ ማፍያው ውኃ ከኔ ኩሬ እንዲቀዳ ስለ ወሰነ፣ ኩሬው የማኅበሩም ጭምር ነው ተብሏል። አሻጥር የሚለው ክስ የመጣው በዚህ ምክንያት መሆኑን አሁን በጣቢያው ተነግሮኝ ተረድቻለሁ።

ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ የጀመረው መጋቢት 10 ቀን ገደማ ነው። በመጀመሪያ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ዝናቡ እንደ በልግ መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን እንደ ሐምሌ ቀንና ሌሊት የሚወርድ ሆነ። ብርዱም በዕድሜዬ በሚያዝያ ወር አይቼው የማላውቀው ነው። ኩበት አልደርቅ ብሎ እሳት ማንደድ ቸገረን። የተሸለቱ በጎች በረት ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። የሽንኩርቱ ችግኝ ከመደቡ ላይ በሰበሰ። ስንት ዓመት ውኃ ስጠን እያልን ምሕላ ስንይዝ የኖርን ሰዎች ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ውኃው ይብቃን ብለን ምሕላ ያዝን።

ይህ ዝናብ ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ባለኩሬዎችን ነው። በመንደራችን እኔን ጨምሮ አምስት ባለኩሬዎች ነበርን። የአንዱ ኩሬ ከተራራው በወረደ ደለል ሞልቶ ሜዳ ሆነ። የሁለቱ ክትር ተሰንጥቆ ውኃው ጥሏቸው ሄደ። የአቶ ቢሆነኝ ኩሬ ማክሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን ከሰዓት በኋላ በድንገት ተደርምሶ ሁለት ፍየሎቹንና የነጭ ሽንኩርት ማሳውን ወስዶበታል። ሳይጎዳ የቀረው የኔ ብቻ ነበር። በዚህም በልቤ ኰርቼ ነበር፤ የደሞዝ እጅ ነው ብዬ።

ሐሙስ ሚያዝያ 22 ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ገሳዬን ደርቤ ኩሬውን ለማየት ወጣሁ። ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ብዙ በረዶ ወርዶ ስለ ነበር ሐሳብ ይዞኝ ነበር። ስደርስ ውኃው የክትሩን አፍ ሊያልፍ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶታል። ትርፉ ውኃ የሚወጣበት ቦይ በበረዶና በጭቃ ተደፍኗል። ተንበርክኬ በእጄ ልቧጥጠው ሞከርሁ። በረዶው ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ስለ ነበር አልሆነልኝም፤ ጣቶቼም ደነዘዙ። ዶማ ላመጣ ወደ ቤቴ ልመለስ ስነሣ አቶ ቢሆነኝ ዶማ በትከሻው አድርጎ ከላይ ሲመጣ አየሁት።

ወደ እኔ አልመጣም። በቀጥታ ከክትሩ በታች ወርዶ ቁጢጥ አለና አፈሩን መመልከት ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በሁለት ዓመት ከአምስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ የሆነውን ቃል ተናገረኝ።

“እትዬ አዛለች፣ ይኸ ከክትሩ ሥር የሚያነባው ውኃ ከመቼ ጀምሮ ነው የደፈረሰው?” አለኝ።

ፊቴን ወደ ተደፈነው ቦይ አዞርሁ።

“ይምጡና ይዩት እንጂ። የኔም ልክ እንዲህ ነበር ያደረገው። የጠራ ውኃ ሲያነባ ግድ የለም፤ ከደፈረሰ ክትሩ ከውስጥ እየተበላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጊዜ አይሰጥም” አለኝ።

እኔም ከቆምሁበት ሳልንቀሳቀስ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። በምዕራቡ ጫፍ፣ ክትሩ ከጭንጫው ጋር በሚገናኝበት በኩል ልቁረጠውና ውኃው ቀስ ብሎ ወደ ገደሉ ይውረድ አለኝ።

“የደሞዝን ክትር? እኔ ቆሜ እያየሁ?” አልሁት።

“ደሞዝ ቢኖር እሱ ራሱ ነበር የሚቆርጠው” አለኝ።

ይህን ሲል ንዴት ያዘኝ። የሱ ኩሬ ስለ ፈረሰ የኔም እንዲፈርስ የፈለገ መሰለኝ። እሱ ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም፤ ወደ ጫፉ ሄዶ መቆፈር ጀመረ። ሮጬ የዶማውን እጀታ ያዝሁ። ተጓተትን። በዚህ ጊዜ፣ “ኡኡ! የሰው ያለህ! ቢሆነኝ ኩሬዬን ቆረጠው!” ብዬ ሦስት ጊዜ ጮኽሁ። በመንደሩ ሰዎች ተሰማ የተባለው ጩኸት የኔ ነው። አልክድም።

አቶ ቢሆነኝ አልመታኝም፤ ክፉም አልተናገረኝም። ዶማውን ለቀቀና እጄን ይዞ ወደ ክትሩ ሥር ጎትቶ አወረደኝ። መዳፌን ውኃው ከሚያነባበት ቦታ ላይ ለጥፎ ያዘው። አፈሩ እንደ ሊጥ ሆኗል። ከውስጡ ድንጋይ ከቦታው ተነቅሎ ሲንከባለል በመዳፌ ተሰማኝ። የሚወጣው ውኃም እንደ አተላ ወፍራም ነበር።

“ከታች መነን አለች፤ አራስ ናት” አለኝ።

ዞር ብዬ ወደ ታች ስመለከት የመንደራችን ሰባት ቤቶች ከኩሬው ትክክል ሥር ናቸው። ኩሬውን ሳየው ስኖር ቤቶቹን ከዚያ ቦታ ሆኜ አይቻቸው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ያለው የወ/ሮ መነን ቤት ሲሆን ከጣሪያው ጭስ ይወጣ ነበር።

ከዚህ በኋላ “ቁረጠው” ያልሁት እኔ ነኝ። ይህ ቃል ሳይለወጥ እንዲጻፍልኝ ሃምሳ አለቃን ጠይቄአለሁ። ቁረጠው ብዬዋለሁ።

እሱ መቆፈር ጀመረ፤ እኔም የተቆፈረውን አፈር በእጄ ወደ ጎን እዝቅ ነበር። ጥቂት እንደ ቆፈረ ዶማው ድንጋይ መታ።

“ደሞዝ ትልልቁን ድንጋይ የት ድረስ ነው የቀበረው?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ከጫፉ ሦስት ክንድ ሲቀር ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ጭንጫው በኩል ባዶ አፈር ነው” አልሁት። ክትሩ ሲሠራ ድንጋዩን ያቀበልሁት እኔ ስለ ሆንሁ አውቀዋለሁ። ባመለከትሁት ቦታ ቆፈረና ውኃው መውረድ ጀመረ። የቆረጠው ቦይ ክንድ ያህል ሲጠልቅ፣ “አሁን ይሂዱ፤ ሰዎቹን ያውጡ። እኔ እዚህ እቆያለሁ” አለኝ። እኔም ቁልቁል ሮጥሁ።

መጀመሪያ የገባሁት ወ/ሮ መነን ቤት ነው። ባለቤቷ ለገበያ ወደ ፍላቂት ሄዶ ብቻዋን ነበረች። ልጇ አሥራ አንድ ቀን የሆናት ሴት ልጅ ናት። ውኃ መጣ ተነሺ ብላት፣ “አራስ እኮ ነኝ እትዬ፤ በዚህ ብርድ ከቤት ወጥቼ ምች ሊመታኝ ነው?” ብላ እንቢ አለችኝ። ለማስረዳት ጊዜ ስላልነበረ ልጂቱን ከጎኗ ነጥቄ በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ። እናትየዋም እየጮኸች ተከተለችኝ። በዚህ ዓይነት ሰባቱንም ቤት እየዞርሁ ሰዉን አስወጣሁ። አንዳንዱ በጉን፣ አንዳንዱ እህሉን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለው ከፍታ ላይ ተሰበሰብን። ያን ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

ከዚያ ቆመን ስናይ ውኃው በምዕራቡ ጫፍ ወጥቶ በኔ ድንች ማሳ ላይ አልፎ ወደ ገደሉ ሲወርድ ነበር። ድምፁ ያስፈራ ነበር፤ ወደ ቤቶቹ ግን አንድ ጠብታ አልመጣም። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የክትሩ መካከል፣ እኔ መዳፌን ያሳረፍሁበት ቦታ፣ እያየነው ተንዶ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ኩሬው ውስጥ የቀረው ውኃ እስከ ጉልበት የሚደርስ ብቻ ስለ ነበር፣ ጭቃው ከመንገዱ ላይ ተንሸራትቶ ቆመ። ኩሬው እንደ ሞላ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ለማስላት ፖሊስ ሄዶ ቦታውን ማየት ይችላል። ጭቃው የቆመው ከወ/ሮ መነን ደጃፍ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ያየነው ሰዎች ሁላችንም እልል አልን። አንድ ሽማግሌ መሬቱን ተንበርክከው ሳሙት።

አቶ ጋሻዬ የተባለው የማኅበሩ አብዮት ጥበቃ፣ ጩኸቴን ሰምቶ ከሁለት ሰዎች ጋር በላይኛው መንገድ ወደ ኩሬው የወጣው እኔ ቤት ለቤት ስዞር ሳለ መሆኑን በኋላ ሰምቻለሁ። አቶ ቢሆነኝን ዶማ እንደ ያዘ በተቆረጠው ክትር ላይ አገኙት። እሱም “እሷን ጠይቋት” ቢላቸው፣ አቶ ጋሻዬ “የሷን ቃልማ በጆሯችን ሰምተናል” ብሎ እጁን አስሮ በዚያው ወደ ብልባላ ይዞት ሄደ። በአቶ ጋሻዬ አልፈርድም። የሰማው የኔን አፍ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ከዚያው ከፍታ ላይ ብርድ ስላንቀጠቀጠኝ ደግፈው ቤቴ አስገቡኝና ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ በትኩሳት ተኛሁ። አቶ ቢሆነኝ ወደ ቤቱ የሄደ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ሚያዝያ 24 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ባለቤቱ ወ/ሮ ማሚቱ አጥሚት ይዛልኝ መጣች። ባሏ በኔ ጩኸት ታስሮ ሳለ ነው አጥሚት ያመጣችልኝ። እስክጠጣ ጠበቀችኝና፣ “እትዬ፣ ያን ዕለት የጮሁት ምን ብለው ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ከዚያም የሆነውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ነገርኋት። እሷም ባሏ ላሊበላ መወሰዱን ያን ጊዜ ነገረችኝ። ልሂድ ብዬ ብነሣ ጉልበት አልነበረኝም። እሑድ የዳግም ትንሣኤ ቅዳሴ እንዳለቀ በቅሎ ተውሼ ተነሣሁ፤ ወንዙ ሞልቶ በቅሎዋ አልሻገር ስላለች ለባለቤቷ መልሼ ልኬ፣ ሰው እየደገፈኝ ተሻግሬ፣ መንገድ ላይ አድሬ ዛሬ ጠዋት ደርሻለሁ።

ተጠርጣሪው ቂም ስለ ነበረው በቂም ተነሣሥቶ አድርጎት እንዳይሆን ሃምሳ አለቃ ጠየቁኝ። ስለ ቂሙ ምክንያት የማውቀውን እናገራለሁ። አቶ ቢሆነኝ ኩሬው ሲቆፈር ከባለቤቴ ጋር ሁለቱንም በጋ አብሮ ቆፍሯል። ከሳምንቱ ሦስት ቀን ውኃው የሱ እንዲሆን ከደሞዝ ጋር ተስማምተናል ብሎ በ1971 ዓ.ም. በማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ከሰሰኝ። ምስክር አልነበረውም። እኔ ሸንጎ ቀርቤ፣ እንዲህ ያለ ውል አላውቅም ብዬ ስለ ተናገርሁ ተፈረደልኝ። ይህ እውነት አልነበረም። ደሞዝ ታሞ በተኛበት ጊዜ፣ የቢሆነኝን ሦስት ቀን እንዳትነኪበት ብሎኛል። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለምን እንደ ካድሁ ተጠይቄ ነበር። ከባለቤቴ የቀረኝ ኩሬው ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ብለቅ ቀስ በቀስ ሁሉንም የሚወስዱብኝ መሰለኝ። ሃምሳ አለቃ ይህ ቃል እኔን ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ይጻፍ ብያለሁ። እንግዲህ ቂም መያዝ የሚገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ኩሬዬ ሲፈርስ ከሩቅ ቆሞ ቢያይ ማንም አይጠይቀውም ነበር። ዶማውን ይዞ የመጣው ግን እሱ ነው።

ስለ ደረሰው ጉዳት ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ሰው አልሞተም፤ አልቆሰለም። ሰባቱም ቤቶች እንደ ቆሙ ናቸው። የማኅበሩ ችግኝ ማፍያ በሌላ በኩል ስለ ሆነ ውኃ አልነካውም። የተጠረገው የኔ የድንች ማሳ ነው፤ እሱም ግማሹ ቀድሞ በብርዱ በስብሶ ነበር። ክትሩ ከሦስት እጅ ሁለቱ ቆሟል። ዓርብ ዕለት ፀሐይ መውጣት ስለ ጀመረች አፈሩ ሳይጠነክር በበሬ ቢረገጥ ለክረምቱ ይደርሳል። እኔ በሬ የለኝም፤ አቶ ቢሆነኝ አለው። በዚህም ምክንያት ቶሎ እንዲፈታ አመለክታለሁ።

በተጠርጣሪው ላይ የማቀርበው አቤቱታ እንዳለ ተጠይቄ፣ የለኝም ብያለሁ። ይልቁንም ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። እሱን ራሴ በአፌ እነግረዋለሁ፤ እዚህ ላይ አይጻፍ ብዬ ሃምሳ አለቃን ለምኜአቸው ነበር። የተናገሩት ሁሉ መጻፍ አለበት ስላሉኝ ተጽፏል።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በአንድ ቦታ ላይ “ጎረቤቴ” ያልሁት “ጠበኛዬ” ተብሎ ተጽፎ ስለ ነበር እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የቀረው እኔ እንዳልሁት ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅበት። ማንበብና መጻፍ ስለማልችል በቀኝ እጄ አውራ ጣት አሻራ አረጋግጫለሁ።

የምስክር አሻራ፦ (የወ/ሮ አዛለች ተክለ ሚካኤል የቀኝ አውራ ጣት)

ቃሉ ሲነበብ የነበረ እማኝ፦ አባስ ይማም፣ የጣቢያው ዘበኛ (ፊርማ)

ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ሸጋው ታረቀኝ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ የጣቢያው አዛዥ ቃሉን ከተመለከቱ በኋላ ቦታው እስኪታይ ድረስ ተጠርጣሪው በምስክሯ ዋስትና እንዲለቀቅ ስላዘዙ፣ በዚሁ ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ተለቋል። ተጠርጣሪው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ከመንደሩ ሰው ጋር ያልተገናኘ በመሆኑ በዚያ ጠዋት ከታች ያሉት ሰዎች መትረፋቸውን አያውቅም ነበር። በጣቢያው በር ላይ ምስክሯን እንዳየ እሳቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ “ማን ሞተ?” ብሎ ጠየቃቸው። “ማንም አልሞተም፤ አንድም ሰው” አሉት። ተጠርጣሪው ከደረጃው ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ምስክሯም አጠገቡ ተቀመጡ። የተነጋገሩት በዝግታ ስለ ነበር አልተሰማም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አብረው ወደ ብልባላ መንገድ ሄደዋል።

ሃምሳ አለቃ ሸጋው ታረቀኝ